የወረዳችን ዝናብና ልደት አልገጣጠም አለኝ

የጀማ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ ከጀማ ወንዝ ማዶ ባለ ወረዳ ነው። አለቃዬ "የወረዳውን ዓመታዊ መረጃ ባንድ ወረቀት አድርገህ አምጣ፣ ዝናብም ልደትም ይግባበት" አለኝ።

የዝናቡን ከዝናብ መለኪያ ጣቢያው አገኘሁ። የልደቱን ከየቀበሌው ሰብስቤ በየወሩ ደመርኩት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የተወለደ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ጥርና የካቲት ላይ ይበዛል፤ ሰኔ ላይ ጭራሽ ጣራ ይነካል። ዝናብ ሲበረታ ሴቶቻችን መውለድ ያቆማሉ ልበል? አለቃዬማ ግራፉን አይቶ "ይሄ ጥናት ይወጣዋል" እያለ ነው። የገጠመው ካለ ያስረዳኝ።

የቀድሞዋ መዝጋቢ፦
ወንድሜ፣ ጥናቱ ይቆየን። የደመርከው የተመዘገቡበትን ቀን እንጂ የተወለዱበትን አይደለም። ሁለቱም ቅጹ ላይ አሉ፣ እያቸው።

ቀበሌ ስሠራ ክረምት ላይ ማን ይመጣ ነበር? መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ፣ ገበሬው ከእርሻና ከአረም አይላቀቅ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እናቲቱ ግን ብቅ የምትለው እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ ለገበያ ስትወጣ ነው። ሰኔማ ግልጽ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ "ዕቅዳችሁ አልሞላም" እንባላለን፣ ቤት ለቤት ዘመቻ እንወጣለን። ጣራ የነካብህ የእኛ ሪፖርት ነው።

የልደት ቀኑንም ቢሆን በጥርጣሬ ያዘው። "መቼ ወለድሽው?" ስትላት "በሚካኤል ማግስት"፣ "ለማርያም ዋዜማ" ትልሃለች። ስለዚህ 12 እና 21 አካባቢ ይከመርብሃል። በወር ለሚደምር ሰው ብዙም አይጎዳም። ደግሞ ከተማ ወጥታ ሆስፒታል የወለደችም ብትሆን፣ ልጁ የሚመዘገበው ወላጆቹ በሚኖሩበት ነው። ከጤና ጣቢያው ቁጥር ጋር አልገጥም ቢልህ አትደንግጥ።

ዝናብ ለኪው፦
የልደቱን እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ ወደ ዝናቡ ልምጣ። ከጣቢያው ያገኘኸው በፈረንጅ ወር የተደመረ ነው አይደል? ጁላይን ሐምሌ ብለህ እንዳትገለብጠው። ጁላይ ሰኔ 24 ገብቶ ሐምሌ 24 ያልቃል። ልደቱ በእኛ ወር፣ ዝናቡ በእነሱ ወር፤ እንዴት ይገጥማል? የየዕለቱን መዝገብ ጠይቅ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እየተለካ ቀን በቀን የሚሞላ ነው። እሱን ይዘህ በእኛ ወር ደምረው። ጳጉሜን እንዳትዘላት፣ እሷም የራሷ ዝናብ አላት።

በበጀት ዓመት ግን አትደምር፣ በናትህ። ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌ 1 ላይ ስትቆርጠው የሰኔው ዝናብ ላለፈው ዓመት፣ የቀረው ለአዲሱ ይሄዳል። መስከረም 1 ላይ ብትቆርጠውም ጅራቱ ይቀራል። ከጥቅምት እስከ መስከረም አድርገው፤ በጋውም በልጉም ክረምቱም ሳይበጠስ ይገባልሃል። ሌላው፣ አንድ ጣቢያ ለወረዳው ሁሉ አይመሰክርም። ደጋው ላይ ሲያወርደው የጀማ በረሃ ጠብ ላይልበት ይችላል። የጣቢያውን ስም ከሰንጠረዡ ሥር ጻፍ።

የጀማ ማዶ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅጾቹን አስወጥቼ አንዷን ቀበሌ በተወለዱበት ቀን ደመርኩ። ነሐሴም እንደ ሌላው ወር ልጅ አለው! አለቃዬ ግን "በበጀት ዓመት ካልሆነ ዞን አይቀበለንም" አለ። ምን ይሻለኛል?

የቀድሞዋ መዝጋቢ፦
ሁለት ሰንጠረዥ ሥራ። ለዞን የተመዘገበውን በበጀት ዓመት ስጣቸው፣ እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው። የተወለደውንና ዝናቡን ለብቻ አድርገህ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ከላይ በጉልህ ጻፍበት። የድሮውን ግራፍ ግን ስብሰባ ላይ ሳያወጣው ዛሬውኑ ከአለቃህ ተቀበለው።