ጥቆማ፦ ለተክሊልና ለጥምቀት የሚሆን 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ፤ ታምሮን ይሻላል ወይስ ሲግማ?

አራት ኪሎ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በኒኮን ዲ750 ካሜራ የሠርግና የጥምቀት ፎቶግራፍ እያነሣሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ከሩቅ ለማንሣት የምጠቀምበት ሌንስ 70-300 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እስከ ጫፉ ሲሳብ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ከኤፍ 5.6 አልፎ አይከፈትም። ተክሊል በማለዳ ይፈጸማል፤ ፍላሽ ማብራት ካህናቱን ያስቀይማል፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ማለፍም ስለማይፈቀድልኝ የሙሽሮቹን ፊት የማገኘው ከሩቅ ነው። ሸተሩን 200ኛ ሰከንድ ላይ ሳቆየው አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 12800 ይደርስና የሙሽራዋ ካባ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በኤፍ 2.8 ቢሆን በዚያው ብርሃንና በዚያው ሸተር 3200 ይበቃኝ ነበር።

የኒኮን የራሱ 70-200 ኤፍ 2.8 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ዋጋው 2,800 ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ይህን ቁጥር ወደ ብር ለመለወጥ ሞክሬ መሐል ላይ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የቀሩኝ ሁለት ምርጫዎች ናቸው፤ አንዱ የታምሮን ጂ2፣ ሌላው የሲግማ ስፖርትስ። ጥያቄዎቼም ሁለት ናቸው፤ በደብዛዛ ብርሃን ፎከሱን ቶሎና በትክክል የሚይዘው የትኛው ነው? ቢበላሽስ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠግነው ማን ነው? ሁሉን ሸጬ ወደ ሶኒ ልዛወር ብዬም አስቤአለሁ፤ ስለዚህም አስተያየት ካላችሁ እሰማለሁ።

ጣና ዳር፦
ታምሮን ጂ2ን አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ለኒኮን የተሠራው 1,485 ግራም ይመዝናል፤ የሲግማው ስፖርትስ 1,805 ግራም ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋድ ቆሞ ለሚያነሣ ሰው ግን ሦስት መቶ ግራም ትከሻ ላይ የሚቆጠር ነገር ነው። ታምሮኑ ሦስት ዓይነት የንቅናቄ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሦስተኛውን ብትመርጡ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፣ የሚነሣው ፎቶ ላይ ያለው ውጤት ግን ከሦስቱ የበለጠ ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ተበላሽቷል ብዬ ተጨንቄአለሁ። በእርግጥ የትኛውም መቆጣጠሪያ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም፤ መዘምራኑ ሲያሸበሽቡ መቋሚያው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከፈለጉ ሸተሩን መጨመር የግድ ነው።

ጎንደር ላይ በጥምቀት ዕለት ጸበሉ ሲረጭ ብዙ ጊዜ ረጥቧል፤ በጨርቅ ጠርጌው ሥራዬን ቀጥያለሁ። አንድ ጉድለት አለው፤ በጣም ቀርበው ሲያነሡ 200 ላይ ቢሆንም እንኳ ያን ያህል ያቀረበ አይመስልም። ቀለበቱን ብቻ ከቅርብ ለማንሣት አይምረጡት።

የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለምን ትደክማለህ? ከእኔ ደንበኛ ሄደህ ግዛ። ሱቁ ፒያሳ ነበር፤ አካባቢው በ2016 ሲፈርስ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ከፍቷል፤ እኔም ተከትዬው ሄጃለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ ሱቅ ረግጬ አላውቅም። እሱ የሰጠህን ይዘህ ውጣ፤ ታምሮን ይሁን ሲግማ እሱ ያውቃል።

አራት ኪሎ (ጠያቂ)፦
አመሰግናለሁ። ደንበኛዎ የሚሸጣቸው አዲስ ናቸው ወይስ ያገለገሉ? ሁለቱን ሌንሶች በራሴ ካሜራ ላይ ገጥሜ እንድሞክርስ ይፈቅዳሉ?

የፒያሳ ልጅ፦
እሱ ካለ መሞከር ምን ያደርጋል?

የተቃጠለ፦
መሞከር ምን እንደሚያደርግ እኔ ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለሠርግ ወቅት እንዲደርስልኝ ያገለገለ 70-200 ኤፍ 2.8 ገዛሁ። የምርቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአምራቹ ይሁን የሻጩ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። የሱቁንም ስም አልጠራም። ሻጩ በደረሰኙ ጀርባ ላይ በእጁ «የስድስት ወር ጋራንቲ» ብሎ ጻፈልኝ። በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሙሽራው ፊት ደብዝዞ፣ ከኋላው የቆመው ሚዜ ክራባት ጥርት ብሎ ወጣ። ሚዜው በጣም ደስ ብሎታል። ሌንሱን ይዤ ስመለስ ሻጩ «ችግሩ የካሜራህ ነው» አለኝ። ካሜራዬን ሌላ ቦታ ወስጄ አሳየሁ፤ ደኅና ነው ተባልሁ። እንደገና ስሄድ ጋራንቲው መስታወቱን እንጂ ሞተሩን አይመለከትም አለኝ። ለቤተሰቡ የከፈሉኝን ግማሽ መልሻለሁ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ከኦሪጅናል ውጭ አይግዙ።

ማለዳ፦
ይህ ያለ ጥርጥር ታምሮን ነው። ሲግማ እንዲህ አያደርግም።

ጣና ዳር፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰውየው ስሙን አልጠራም እኮ። እንደ እኔ ግምት የገለጹት ጠባይ የሲግማ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
የእኔ ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም።

የተቃጠለ፦
ሱቁ የት እንደሆነ አልተናገርሁም። እርስዎን ምን አስደነገጠዎት?

እንግዳ ተቀባይ፦
ይህ የምክክር መድረክ ድንቅ ነው። ስሙ ያልተጠራ ሌንስ፣ ስሙ ያልተጠራ ሱቅ ተከሰው ሁለት የተለያዩ ፍርዶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰጡ። የቀረው ይግባኝ ብቻ ነው። ጠያቂው እስከዚያ ድረስ በ12800 ማንሣታቸውን ይቀጥሉ፤ ሚዜዎች እንደሆኑ አይጎዱም።

ሰሜን ተራራ፦
ለእኔ ከሁለቱም የሚሻለው 150-600 ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማንሣት 200 ሚሊ ሜትር አይበቃም፤ ጭላዳው እንኳ ሰው አይፈራም፣ ቀይ ቀበሮው ግን የራሱ ጉዳይ አለበት። በብርሃን ረገድ 150-600 ደካማ ነው፤ ቢሆንም ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ረፋድ ላይ ብርሃን ሞልቶ ይፈስሳል።

አራት ኪሎ (ጠያቂ)፦
ለመልካም ሐሳብዎ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን የማነሣው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽሮችን ነው።

ሰሜን ተራራ፦
እንግዲያው 85 ኤፍ 1.8 ይግዙ። ርካሽ ነው፣ ከ2.8ም ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን እጥፍ ከሚያደርግ እርከን) በላይ ብርሃን ያስገባል።

አራት ኪሎ (ጠያቂ)፦
85ቱ አለኝ። ከቆምሁበት ቦታ ሆኜ በ85 ሳነሣ ሙሽሮቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆነው ይታያሉ።

ባለ ሥቱዲዮ፦
ወደ የተቃጠለ ጉዳይ ልመለስ፤ ለጠያቂውም ስለሚጠቅም በዝርዝር እጽፋለሁ። በመጀመሪያ፣ ታምሮንም ሲግማም ፎርጅድ አይደሉም። «ኦሪጅናል» የምንለው የካሜራው አምራች ራሱ የሠራውን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሌንስ በመሥራት የታወቁ የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው፤ ታምሮን እ.ኤ.አ. በ1950፣ ሲግማ በ1961 የተመሠረቱ ናቸው። ነገር ግን ካሜራው ከሌንሱ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ በራሳቸው ጥናት ደርሰውበት የሚሠሩ ስለሆነ፣ እንደ ዲ750 ምስሉን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቅ መስታወት በውስጣቸው ባላቸው ካሜራዎች ላይ ፎከሱ ከተፈለገው ቦታ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊያርፍ ይችላል። የሙሽራው ፊት ደብዝዞ የሚዜው ክራባት የጠራበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

መለየት ደግሞ ቀላል ነው። ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አቁሙ፤ ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በኤፍ 2.8 አንዱን በመመልከቻው እያያችሁ፣ ሌላውን በላይቭ ቪው (በካሜራው ጀርባ ስክሪን እያያችሁ) አንሡ። በላይቭ ቪው ፎከሱ የሚለካው በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ስሕተቱ ይጠፋል። በላይቭ ቪው ጠርቶ በመመልከቻው ከደበዘዘ፣ ሌንሱ ደኅና ነው፤ የሚያስፈልገው ማስተካከል ብቻ ነው። በሁለቱም ከደበዘዘ፣ በተለይም ከጋዜጣው አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ፣ የውስጡ መስታወቶች ከመስመር ወጥተዋል ማለት ነው፤ ሌንሱ ምናልባት ወድቋል፤ ይህ በማስተካከል አይድንም።

ማስተካከያውን በተመለከተ፣ ዲ750 በራሱ ሜኑ ውስጥ ለአንድ ሌንስ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ 70 ላይ ያስተካከላችሁት 200 ላይ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ታምሮን «ታፕ ኢን ኮንሶል»፣ ሲግማ ደግሞ «ዩኤስቢ ዶክ» የሚባሉ ትናንሽ መሣሪያዎች አሏቸው፤ ሌንሱን በኮምፒዩተር ላይ ገጥማችሁ በየርቀቱና በየዙሙ ለየብቻ ታስተካክላላችሁ። በሲግማው ዙም ሌንስ ላይ አሥራ ስድስት ነጥብ ማስተካከል ይቻላል። እኔ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጅቶብኛል፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ጋዜጣውን ግድግዳው ላይ ስታይ ትስቃለች።

የተቃጠለ፦
በነገሩኝ መሠረት ዛሬ ማታ ሞከርሁት። በላይቭ ቪው መካከሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የግራው ጎን ግን በሁለቱም መንገድ እንደ ጭጋግ ነው። ማለት፣ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው?

ባለ ሥቱዲዮ፦
ዕድሉ ሰፊ ነው። የማጣሪያ መግጠሚያው ጠርዝ ላይ ጥርስ ወይም የተቀባ ቀለም ካለ ይመልከቱ። የኋላውን ብሎኖችም ይመልከቱ፤ ራሳቸው ከተላጡ አንድ ሰው ከፍቶት ነበር።

የተቃጠለ፦
ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ ተልጠዋል። ይኸው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ካሜራዬን ጠርጥሬው ነበር።

ማለዳ፦
ስለዚህ ታምሮን መሆኑ ተረጋገጠ።

እንግዳ ተቀባይ፦
ብሎኑ ተናዘዘ ማለት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ከሚያውቁት ሰው ጋር የሚያስልኩ ከሆነ፣ የዋስትናውን ጉዳይ አስቀድመው ያጣሩ። ታምሮንም ሲግማም እዚህ ለሚሸጡት ሌንስ የብዙ ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው ግን የሚሠራው በአሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ወኪል በኩል ለተሸጠው ነው። ሌንሱ ቢበላሽ ተመልሶ ወደዚህ መምጣት አለበት፤ የሚመጣ ዘመድ እስኪገኝ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ለወንድሜ የላክሁለት ሌንስ ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ እኔ ራሴ ከሄድሁ ግን ሰባት ዓመት ሆኖኛል።

ወደ ሶኒ መዛወሩን በተመለከተ፣ የሚያጓጓ ነገር እንዳለው አልክድም። ለሶኒ የተሠራው የታምሮን 70-180 ኤፍ 2.8 የመጀመሪያው 810 ግራም፣ ሁለተኛው 855 ግራም ብቻ ነው፤ የንቅናቄ መቆጣጠሪያ ያለው ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሲግማ 70-200ም ወደ 1,335 ግራም ወርዷል። መስታወት በሌላቸው ካሜራዎች ላይ ባለ ሥቱዲዮ የዘረዘሩት የጋዜጣ ፈተናም አያስፈልግም፤ ፎከሱ ሁልጊዜ የሚለካው በሴንሰሩ ላይ ነው። ሆኖም ሁሉን ሸጦ እንደገና መግዛት በእርስዎ ገበያ ምን ያህል እንደሚያከስር እርስዎ ያውቃሉ። ለኒኮን የተሠራውን ጂ2 ቢገዙ፣ ወደፊት መስታወት ወደሌለው ኒኮን ዜድ ሲያልፉ ኤፍቲዜድ በሚባለው አገናኝ ይሠራል፤ የሌንሱን ሶፍትዌር ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ማደሻውም ያው ኮንሶሉ ነው።

ጣና ዳር፦
ስለ ጥገና ማንም አልመለሰላቸውምና እኔ የማውቀውን ልናገር። ካሜራ የሚከፍቱ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉን፤ መስታወቶቹን መልሶ በመስመር የሚያቆም መለኪያ ያለው ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ዋናው ጥገና እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ክረምት ላይ በቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም በመስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። ክዳኑ አየር የማያስገባ የእንጀራ መያዣ ፕላስቲክ ገዝቼ፣ ከጫማ ካርቶን ያጠራቀምኋቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከሌንሱ ጋር አስቀምጣለሁ። ያገለገለ ስትገዙም ሌንሱን ከኋላ በስልክ መብራት አብርታችሁ በፊት በኩል ተመልከቱ፤ ሻጋታ ካለ ያኔ ይታያል።

የፒያሳ ልጅ፦
የእኔ ደንበኛ ሻጋታ ያለበት አይሸጥም።

አራት ኪሎ (ጠያቂ)፦
የዘገየሁት ሁለት ሠርግ ተደራርቦብኝ ነው። ለባለ ሥቱዲዮ፣ ለጣና ዳርና ለሲልቨር ስፕሪንግ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድ የነበረው ተክሊል ከ3200 ሳያልፍ ተነሣ፤ የካባው ጥልፍ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። አሁን አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ በጥምቀት ጸበል እንዳይጎዳው ጥሩ የ77 ሚሊ ሜትር ዩቪ ማጣሪያ የት አገኛለሁ?

ባለ ሥቱዲዮ፦
እንኳን ደስ አለዎት። የቱን እንደገዙ ግን አልነገሩንም። የሲግማ ስፖርትስ ለኒኮን የሚሠራው 82 ስለሚወስድ እሱ አይደለም። 77 የሚወስዱት ታምሮን ጂ2 እና ለሶኒ የተሠራው አዲሱ ሲግማ ናቸው። ካሜራዎን ቀይረዋል?

ማለዳ፦
ሲግማ ነው።

የተቃጠለ፦
ተከራይተውም ሊሆን ይችላል። እኔም አሁን የማደርገው እሱኑ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
77 ማጣሪያ ደንበኛዬ ጋ አለ። ከእኔ ነው የመጣሁት በለው።