ሴት አላስገባም ያለ ሜዳ የሴቶችን ዋንጫ ያስተናግድ? የሱሉልታ ሰፈርተኞች ሙግት

የዲሽ ቤቱ፦
ሰላም ናችሁ ሰፈር? ቅዳሜ ማታ ኳሱ ካለቀ በኋላ ቻናል ስቀያይር አንድ የቆየ የሴቶች ጎልፍ ላይ ቆምኩ። ሦስት ሆነን እስከ መጨረሻው አየነው፣ ከዚያ ተጣልተን ወጣን። ጸቡን እዚህ አመጣሁት።

ጨዋታው የ2022 የሴቶች ኦፕን ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሴቶች ጎልፍ በዓመት አምስት ታላላቅ ውድድሮች አሉት፣ ይሄ አንዱ ነው። ሜዳው ስኮትላንድ ያለው ሙየርፊልድ ነው። ባለቤቱ ክለብ በ1744 የተመሠረተ ሲሆን እስከ 2017 ድረስ ሴት በአባልነት አይቀበልም ነበር። በ2016 ድምፅ ሰጡ፣ 64 በመቶው «ይግቡ» አለ። ደንባቸው ግን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ወደቀ። በዓመቱ ደገሙት፣ 80 በመቶ ሆኖ አለፈ። ከዚያ አምስት ዓመት አለፍ እንዳለ የሴቶቹ ኦፕን እዚያው ተደገሰ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ይገባቸው ነበር ወይ?

ሚኒባስ ነጂው፦
አይገባቸውም። አለቀ። ሁለት መቶ ሰባ ምናምን ዓመት በር ዘግቶ የኖረ ሰው በአምስት ዓመት የክብር አስተናጋጅ አይሆንም። ሌላ ሜዳ ጠፍቶ ነው?

የማለዳ ሯጭ፦
ወንድሜ፣ ድግሱ ለክለቡ ነው ያለህ ማነው? ለተጫዋቾቹ ነው። ወንዶቹ ታሪክ ያለው ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ሴቶቹ የተረፈ ሜዳ ሲሰጣቸው ነው የኖረው። የጎልፍ እናት ቤት በሚባለው ሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ ላይ የሴቶች ኦፕን መጀመሪያ የተካሄደው በ2007 ነው። ሜክሲኳዊቷ ሎሬና ኦቾዋ አሸነፈች። አሁን ሙየርፊልድ ሲከፈት «እኛ አንገባም፣ ቀድሞ በድለውናል» ቢሉ የሚጎዳው ማን ነው? ክለቡ? እነሱ ራሳቸው ናቸው።

መምህሩ፦
ለምን እንደተከፈተም ይነገር እንጂ። በ2016 ድምፁ የወደቀ ዕለት፣ ውድድሩን የሚመራው አር ኤንድ ኤ «እንግዲያው የወንዶቹን ኦፕን እናንተ ጋ አናመጣም» አላቸው። በዚያው ቀን! በዓመቱ ሁሉም እጅ ማውጣት ጀመረ። ልባቸው ሳይሆን ኪሳቸው ነው የተነካው። ሴቶች አባል ሆነው የገቡት ደግሞ በ2019 ነው፣ አሥራ ሁለት ሆነው።

ሚኒባስ ነጂው፦
በቃ ተናገርክልኝ መምህር። ተገደው ነው!

እትዬ ጌሾ፦
ልጆቼ፣ ጎልፉን አላውቀውም። ነገሩን ግን አውቀዋለሁ።

አንድ እድር ነበረን፣ ስሙን ተዉት። ወጡን የምንሠራ እኛ፣ ሰሃን ቆጥረን የምንረከብ እኛ፣ ለቅሶ ቤት አዳር የምንቆም እኛ። ደብተሩ ላይ ያለው ግን የባል ስም ብቻ ነው። «ሴቶች በራሳቸው ስም ይመዝገቡ» የሚል ሐሳብ መጣ፣ እጅ ወጣ፣ አልሞላም። ከዚያ አዲሶቹ ሰፈርተኞች ሚስትም ባልም ወደሚመዘገብበት ሌላ እድር መሄድ ጀመሩ። መዋጮው ሳሳ። በሦስተኛው ወር እንደገና እጅ ወጣ፣ አለፈ። ያኔ «እህቶቻችን» ሲሉን ብትሰሙ!

እና እኔ ምን ላድርግ? «ተገዳችሁ ነው» ብዬ ልቅር? ገባሁ። ጸሐፊው ስሜን ከባሌ ስም ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ሊያስጠጋው ሲል እስክሪብቶውን ያዝኩት። አዲስ መስመር ላይ ጻፍ አልኩት። ተራ ቁጥርም ስጠኝ አልኩት። 87 ነኝ።

የማለዳ ሯጭ፦
እትዬ ኑሩልኝ። 😂 ሙየርፊልድም እኮ እንደዚሁ ነው። ሴቶች እንግዳ ሆነው መጫወት ይችሉ ነበር፣ አባል መሆን ነው የተከለከለው።

እትዬ ጌሾ፦
ወጥ ይዞ መግባት ይቻላል በይኛ!

የድሮ ካዲ፦
ሁላችሁም ስለ በሩ ታወራላችሁ፣ ውስጥ የሆነውን ማንም አላነሳም። እኔ በልጅነቴ አሮጌው ኤርፖርት ጎልፍ ሜዳ ዱላ ተሸክሜ አድጌያለሁ፣ ላስረዳችሁ።

ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ቡሃይ ለመጨረሻው ቀን የገባችው በአምስት ምት እየመራች ነው። በጎልፍ ባነሰ ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው፣ ይሄ ሩጫ ላይ ግማሽ ዙር እንደመቅደም ነው። 15ኛው ቀዳዳ ላይ በአራት ምት የሚያልቀውን በሰባት ጨረሰች። መሪነቱ ተነነ። ከኮሪያዋ ቹን ኢን ጂ ጋር እኩል ሆኑና 18ኛውን ቀዳዳ እየደጋገሙ እንዲጫወቱ ተደረገ። አንድ ጊዜ፣ እኩል። ሁለት፣ እኩል። ሦስት፣ እኩል። ጀምበር ጠልቃ ካሜራው ራሱ ዳምኗል። በአራተኛው የቡሃይ ኳስ ከአረንጓዴው (ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር) አጠገብ ያለ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

አሸዋ ውስጥ ኳሱን አይመቱትም። ከኳሱ ኋላ ያለውን አሸዋ ነው የሚመቱት፣ አሸዋው ነው ኳሱን ይዞት የሚወጣው። ትንሽ ከበዛ እዚያው ይቀራል፣ ትንሽ ካነሰ ማዶ ይሄዳል። እጅ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት፣ በጨለማ! አውጥታ ቀዳዳው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ አገባችው፣ አለቀ። ይሄ የሆነው ያ ሜዳ ላይ በመሆኑ ነው ዛሬ የምናወራው።

ባለሱቁ፦
ጥሩ። ስንት በላች?

የድሮ ካዲ፦
1 ሚሊዮን 95 ሺህ ዶላር። ጠቅላላ ሽልማቱ 7.3 ሚሊዮን ነበር።

መምህሩ፦
በዚያው ክረምት የወንዶቹ ኦፕን 14 ሚሊዮን ነበር። አሸናፊው ካሜሮን ስሚዝ 2.5 ሚሊዮን ወሰደ። አዘጋጁ አንድ ነው፣ የውድድሩ ስምም ኦፕን ነው።

ባለሱቁ፦
ታዲያ የሚያየው ሰው ካነሰ ገንዘቡም ያንሳል። ስኳር ካልተሸጠልኝ ዋጋውን በክብር አልጨምረውም።

የማለዳ ሯጭ፦
ጋሼ፣ እኛ ጋ ግን እኩል ነው እኮ። ቦስተን ማራቶን ሴቷም ወንዱም ለአንደኝነት 150 ሺህ ዶላር ነው የሚያገኙት።

ባለሱቁ፦
የእናንተማ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ካሜራ ነው። ማን ማንን እንዳመጣ አይለይም። የእነሱ ለየብቻ ነው፣ ትኬቱም ስፖንሰሩም ይቆጠራል።

የማለዳ ሯጭ፦
እሱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሰው ያላሳዩትን ከየት ይወደዋል? ኮሪያዊቷ ፓክ ሴ ሪ በ1998 የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን ላይ ኳሷ ውኃ ዳር ሲቀር ጫማና ካልሲዋን አውልቃ ገብታ መታችው። አሸነፈች። ያኔ አገሯ በገንዘብ ቀውስ ተንኮታኩታ ነበር። ያንን በቴሌቪዥን ያዩ ሕፃናት ናቸው በኋላ የሴቶችን ጎልፍ የወረሩት። እኛስ ደራርቱን አይተን አይደል ጫማ የጠየቅነው? እኔ አሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በዚህ ብርድ እንጦጦን ተሻግረው የሚመጡትን ሴቶች ሳይ ሁሉም ያኔ እንደተጀመሩ ነው የሚሰማኝ።

መምህሩ፦
ደራርቱን ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቡሃይ ያሸነፈችው ነሐሴ 1 ቀን ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችውም ነሐሴ 1 ቀን፣ ልክ 30 ዓመት ቀድሞ። ሁለተኛ የወጣችው ደግሞ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ናት፣ ኤላና ሜየር። አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ወዲህ ኦሊምፒክ አልተሳተፈችም ነበር። በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመት ደራርቱ እጇን ይዛት አብረው ሜዳውን ዞሩ። «ቆዩ፣ ገና አምስት ዓመት አልሞላችሁም» አላለችም።

ሚኒባስ ነጂው፦
መምህር፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ሆዴን ነካኸው። ግን አይገጥምም። ሜየር ሯጭ ናት፣ ሕጉን እሷ አላወጣችውም። ደራርቱ የያዘችው የሯጯን እጅ ነው፣ የመንግሥቱን አይደለም። ሙየርፊልድ ግን ከልካዩ ራሱ ነው ቀይ ምንጣፍ ያነጠፈው።

መምህሩ፦
…እሺ። ይቺን ተቀብያለሁ። ግማሽ ነጥብ።

የድሮ ካዲ፦
እኔ ግን ከሜዳው ጋር ነኝ። ሣሩ ማንንም አልከለከለም።

እትዬ ጌሾ፦
ሹፌሩ ልጄ፣ አንተን ልጠይቅህ። እኔ እዚያ እድር በመግባቴ አጠፋሁ?

ሚኒባስ ነጂው፦
እርስዎ አላጠፉም እትዬ። እኔ የምለው ገብተው ሲያበቁ ሰብሳቢውን «ደጉ ሰው» ብለው እንዳያመሰግኑት ነው።

እትዬ ጌሾ፦
ማን አመሰገነው? እሁድ ስብሰባ አለ፣ ሦስት ሰዓት። ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። እጩ ነኝ።

ባለሱቁ፦
ሂሳብ የሚችሉ ከሆነ ድምፄ የእርስዎ ነው።

ሚኒባስ ነጂው፦
የመጀመሪያውን ምልልስ ትቼ እመጣለሁ፣ እጄን አወጣለሁ። ሙየርፊልድን ግን አልለቀውም።

የዲሽ ቤቱ፦
እሁድ ከስብሰባው በኋላ ቡና እኔ ጋ ነው። መብራት ካለ ያቺን የአሸዋ ምት እደግምላችኋለሁ።