መስመር ሲዳከም ራሱን የሚያስተካክል መካከለኛ ሶፍትዌር

ጥያቄ፦
ድሬዳዋ ቀፊራ ያለው ሱቃችንና ሐረር ያለው መጋዘናችን አንድ የክምችት መዝገብ ይጋራሉ። ኔትወርኩ ሲዳከም ፕሮግራሙ መልስ እየጠበቀ ይቆማል፤ ሻጩ ቁልፉን ደግሞ ሲጫን አንድ ጆንያ ስኳር ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ይመዘገባል። ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ሳልጽፍ በፕሮግራሞቹና በኔትወርኩ መካከል ሆኖ ይህን የሚሸከምልኝ መካከለኛ ሶፍትዌር ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
ኤምኪውቲቲን (MQTT)፣ ማለትም በመሣሪያዎች መካከል መልእክት የሚመላለስበትን ደንብ፣ እንዲሞክሩ እመክራለሁ። በ1999 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት መስመር ለመከታተል የተነደፈ በመሆኑ ደካማ መስመርን ከመነሻው ታሳቢ ያደረገ ነው። ከ0 እስከ 2 ካሉት የማድረስ ደረጃዎች ደረጃ 1 መልእክቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደርጋል፤ ሊደገም ግን ይችላል። ደረጃ 2 ድግግሞሹን ቢያስቀርም የእርስዎን ችግር አይፈታም፤ ሻጩ ሁለት ጊዜ ከተጫነ ለሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ናቸውና። ስለዚህ የሽያጩ መለያ ቁጥር ቅጹ ሲከፈት ይፈጠር፤ ተቀባዩም ቀድሞ ያየውን መለያ ዳግመኛ አይመዝግብ።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የምልልሱን ጊዜ (መልእክት ሄዶ መልስ እስኪመጣ ያለውን) እየለካ፣ መስመሩ ሲዘገይ ሽያጩን አስቀድሞ የዕቃ ፎቶዎችን የሚያቆይ ወረፋ ያስፈልግዎታል። ድጋሚ ሙከራው በ1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እየተራራቀ ይሂድ፤ ጥቂት የዘፈቀደ ልዩነትም ይጨመርበት፤ አለበለዚያ መብራት ሲመለስ ሁሉም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሰርቨሩን ያጨናንቁታል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። መለያው የሚፈጠረው ቁልፉ ሲጫን ሆኖ አገኘሁት፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።