194,313፦ የዐውደ ቀመር ቀኖች ብዛትና የቁጥሩ ጠባይ

ጥያቄ

በጎንደር ከተማ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ባሕረ ሐሳብንም (የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ ስሌት) ከየኔታ እግር ሥር ሆኜ በጥቂቱ ተምሬአለሁ። ዐውደ ቀመር፣ ማለትም የሳምንቱ ዕለት፣ የጨረቃው ቁጥርና የዓመቱ ወንጌላዊ አንድ ላይ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ዑደት፣ 532 ዓመት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን ይዤ ዑደቱን ወደ ቀን ስለውጠው 194,313 አገኘሁ። የአኃዞቹ ድምር 21 ስለሆነ በ3 እንደሚካፈል ተማሪዎቼ ወዲያው ተናግረዋል። ከዚህ ያለፈ ጠባይ አለውን? የ76 ዓመቱ ዑደት፣ ዐውደ ማኅተም፣ ሁሉንም ለመመለስ ለምን እንደማይበቃስ ከቁጥሩ ማሳየት ይቻላልን?

መልስ 1

መምህር፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ የመጀመሪያውንም ይመልሳል። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ ይህም 3 × 487 ነው። በ532 ዓመት ውስጥ አራት ዓመት 133 ጊዜ ይገኛል፤ 133 ደግሞ 7 × 19 ነው። ስለዚህ 194,313 = 3 × 7 × 19 × 487 ሲሆን፣ አራቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 19ኙ ከ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከዐውደ አበቅቴ፣ 7ቱ ከሳምንቱ የመጡ ናቸው። ዐውደ ማኅተም ግን 27,759 ቀን፣ ማለትም 3 × 19 × 487 ስለሆነ 7 ይጎድለዋል፤ በ7 ሲካፈልም 4 ይተርፋል። በመሆኑም ከ76 ዓመት በኋላ አበቅቴው (የጨረቃው ቁጥር) እና ወንጌላዊው (ከአራቱ ወንጌላውያን ዓመቱ የሚሰየምበት) ቢመለሱም፣ ሰኞ የዋለው ቀን ዓርብ ይውላል፤ 7 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑም ዑደቱ ሰባት ጊዜ ካልተደገመ ዕለቱ ወደ ቦታው አይመለስም። ለተማሪዎችዎ አቋራጭ ከፈለጉ፣ ከ313 ላይ 194 ሲቀነስ 119 ይቀራል፤ 194,313 = 194 × 1,001 + 119 ነውና፣ 1,001 በ7 ስለሚካፈልና 119ም 7 × 17 ስለሆነ፣ ዋናው ቁጥር በ7 መካፈሉ ሳያካፍሉት ይታወቃል።

መልስ 2

በዚህ ላይ የምጨምረው ከዘመን ቆጠራ ጋር የማይገናኝ፣ ነገር ግን ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያምር ጠባይ ነው። ከአራቱ ብቸኛ ቁጥሮች ከእያንዳንዳቸው 1 ሲቀነስ 2፣ 6፣ 18 እና 486 ይገኛሉ፤ እነዚህም 2 በ1፣ በ3፣ በ9 እና በ243 ሲባዛ የሚገኙ ናቸው። ብዜታቸው 104,976፣ ማለትም 18 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ልክ ይህን ያህል ናቸው። ይህ ግጥምጥሞሽ እንጂ ምሥጢር አይደለም፤ ምሥጢር የሚፈልጉለት ሰዎች ስለማይጠፉ ነው ይህን ማለቴ።

ሌላው፣ አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች በ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋቸዋል። ስለዚህ 194,313 ራሱ በ4 ሲካፈል 1 ቢተርፈውም፣ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ዳግም ርቢ ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም።

መልስ 3

የጨረቃውን ነገር ማንም አላነሣውም። በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ስለሚቆጠሩ፣ በ532 ዓመት 6,580 ይሆናሉ። አማካዩን የጨረቃ ወር 29.53059 ቀን አድርገን ብናባዛው ወደ 194,311.3 ቀን ይመጣል፤ ስለዚህ በአንድ ዐውደ ቀመር ውስጥ ስሌቱ ከእውነተኛዋ ጨረቃ 1.7 ቀን ያህል ይለያል።