የሰፋሪዎች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የጎብኚዎች ማዕከል፦ የሕዝቡን ድጋፍ ከየት እንጀምር?

አልባኒ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር፣ በ1820 ከብሪታንያ የመጡ ሰፋሪዎች ከሠሯቸው የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን የሚንከባከብ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሕንፃው የ1830ዎቹ ሥራ ነው፤ ዙሪያው መቃብር ነው። ጎብኚ ይመጣል፣ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሽንት ቤት የለም፤ ስለ ቦታው የሚናገር ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት የነሐስ ጽሑፍ ናት፤ እሷም "የካፊር ጦርነት" ትላለች ("ካፊር" ጥቁሮች የሚሰደቡበት ቃል ነው)።

ከግቢው ጥግ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ማዕከል ለመሥራት ታስቦ ንድፍ ወጥቷል። የድጋፍ ፊርማ ስናሰባስብ 40 ሰው ፈረመ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ምዕመናን ወይም የሰፋሪዎቹ ዘሮች ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ታውንሺፕ (በዘር መለያየት ዘመን ለጥቁሮች ተለይቶ የተከለለ ሰፈር) አንድም ሰው አልፈረመም። ለዋርዱ (ለምርጫ ቀጠናው) ተመራጭ የጻፍነው ደብዳቤም መልስ አላገኘም። ድጋፉን እንዴት እናስፋው? ንድፉን ለሕዝብ ማሳየት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ፈቃዱና ገንዘቡስ?

ዙሪያ ገባ

ንድፉን አታሳዩ። ያለቀ ንድፍ ይዞ "ምን ትላላችሁ?" የሚል ኮሚቴ ምክር ሳይሆን ጭብጨባ ፈልጎ እንደመጣ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ማዶ ያሉት አለመፈረማቸውም ተቃውሞ አይመስለኝም፤ "ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም" ማለታቸው ነው። የከፋው ደግሞ እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ለመረዳት ታሪኩን ከ1820 ሳይሆን ከ1812 ጀምሩት። ያን ጊዜ ዙርቬልድ ይባል የነበረው አገር ኮሳ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች ይኖሩበትና ከብት ያሰማሩበት ነበር። ከ1811 መጨረሻ እስከ 1812 የእንግሊዙ ኮሎኔል ግራሃም ጦር የአለቃ ንድላምቤን ሕዝብ ጨምሮ 20,000 ገደማ የሚገመት ሰው ወደ ግሬት ፊሽ ወንዝ ማዶ አባረረ። 4,000 የሚሆኑት ሰፋሪዎች የመጡት ሰው በተነቀለበት መሬት ላይ ነው፤ መንግሥት ያሰፈራቸውም ድንበሩን በሰው ለማጠር ነበር። በኋላ ከኮሳዎች ጋር በተነሱት ጦርነቶች፣ እንደ ባተርስት ከተማው ቅዱስ ዮሐንስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የሰፋሪዎች መሸሸጊያ ሆነዋል። እንግዲህ ያው ግድግዳ ለአንዱ መጠለያ፣ ለሌላው አጥር ነበር ማለት ነው። ማዕከሉ ሁለቱንም ካልተናገረ ማዶ ያለው ሰው የሚደግፍበት ምክንያት የለም። (ባተርስት የምትገኝበት ማዘጋጃ ቤት ዛሬ ንድላምቤ ይባላል። ወደ ወንዙ ማዶ የተገፋው አለቃ ስም አሁን በውሃ ሂሳብ ላይ ታትሞ ይመጣል።)

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አይሁን። የታውንሺፑን አዳራሽ ወይም ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ቅዳሜን ተዉት፤ ቅዳሜ የቀብር ቀን ነው። እሑድ ከሰዓት ወይም የሥራ ቀን አመሻሽ ይሻላል። ንግግሩ በኮሳ ቋንቋ ይመራና ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም፤ ብዙዎች የሚያደርጉት ተገላቢጦሹን ነው። ትልቅ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ግን ከ8 እስከ 12 ሰው የሚሆኑ ትንንሽ ቡድኖችን ለየብቻ አነጋግሩ፦ መምህራንን፣ ወጣቶችን፣ በተለይም የቀብር ማኅበራትን። እነዚህ የእኛው እድር ማለት ናቸው፤ ስቶክቬል የሚሉት ደግሞ እቁብ ነው። ሰው እርስ በርሱ የሚተማመነው እዚያ ነው።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ እዚህ ቦታ ስለሆነው ነገር ልጆቻችሁ ምን እንዲሰሙ ትፈልጋላችሁ? በግቢው ወይም ከግቢው አጥር ውጭ የተቀበረ ወገን አላችሁ? ጎብኚ በሌለበት ቀን ቤቱ ምን ቢያገለግላችሁ ትወዳላችሁ? ብዙ መልስ የሚመጣው ከሦስተኛው ነው፤ ተማሪ የሚያጠናበት ክፍል፣ ኢንተርኔት፣ ውሃ ይባላል። የተባለውን በተባለበት ቃል ጻፉና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ የትኛውን እንደተቀበላችሁ፣ የትኛውን እንዳልቻላችሁና ለምን እንዳልቻላችሁ ተናገሩ። ይህ ሁለተኛው ጉዞ ከቀረ የመጀመሪያውም ባይደረግ ይሻል ነበር።

"ሥራ ይፈጥራል" የምትለዋን ቃል ያለ ቁጥር አትጠቀሟት። እንዲህ ያለ ማዕከል ቢበዛ ሁለት ቋሚ ሰው ቢቀጥር ነው። ሁለት ከሆነ ሁለት በሉ፤ በምን መንገድ እንደሚመረጡም አብራችሁ።

የዋርዱን ተመራጭ በደብዳቤ አታገኙትም፤ በዋርድ ኮሚቴው በኩል ሂዱ። ግባችሁ ፕሮጀክቱ በማዘጋጃ ቤቱ የተቀናጀ የልማት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ነው። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ ረቂቁ እስከ ማርች መጨረሻ ለምክር ቤት ይቀርባል፣ የሕዝብ አስተያየት ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይሰበሰባል። ሜይ ላይ ነቅቶ የሚመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዕቅዱ ውስጥ መግባት ራሱ ገንዘብ አያስገኝም፤ ገንዘብ የሚሰጡት ግን "ዕቅዱ ውስጥ አለ ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ኖራና ድንጋይ

ስለ ፈቃዱ። አገሪቱ የምትሠራው በ1999ኙ የብሔራዊ ቅርስ ሀብቶች ሕግ (ቁጥር 25) ነው። መጀመሪያ የምታጣሩት ቤተ ክርስቲያኑ በይፋ የተመዘገበ ቅርስ መሆን አለመሆኑን ነው። በድሮው ሕግ ብሔራዊ ሐውልት ተብለው የታወጁት በ1999ኙ ሕግ የክፍለ ሀገር ቅርስ ሆነዋል። ከተመዘገበ አንቀጽ 27 ይመለከታችኋል፤ ሕንፃውን ባትነኩት እንኳ በታወጀው ቦታ ውስጥ መቆፈር ፈቃድ ይፈልጋል። ካልተመዘገበም አንቀጽ 34 አለ፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነን ማንኛውንም ግንባታ መለወጥ ወይም ማፍረስ ያለ ክፍለ ሀገሩ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ክልክል ነው። ማመልከቻው ሳሪስ በሚባለው የቅርስ ድረ ገጽ ይገባል።

የነሐሱ ጽሑፍ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ነቅሎ መጣል አይቻልም። ቃሉ ዛሬ በዚያ አገር ከባድ ስድብ ስለሆነ ዝም ብሎ መተውም አይሆንም። በቶሎ የሚቻለው ከጎኑ፣ ግድግዳውን ሳይበሱ በራሱ እግር የሚቆም ሰሌዳ ማቆም ነው፦ ጽሑፉ መቼ ተሰቀለ፣ ማን አሰቀለው፣ ጦርነቱ ዛሬ ምን ይባላል። የኮሳው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እንዳይተረጎም፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ከመጀመሪያው ይጻፈው።

መቃብሩ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነና በማዘጋጃ ቤት ከሚተዳደር መቃብር ውጭ ላለ መቃብር አንቀጽ 36 አለ። በዚያ ዘመን አገልጋዮችና ያልተጠመቁ ሕፃናት ምልክት ሳይደረግላቸው ጥግ ላይ ወይም ከአጥር ውጭ ይቀበሩ ነበርና፣ "ባዶ ጥግ" የምትሉት ባዶ ላይሆን ይችላል። ንድፍ ከመጽደቁ በፊት የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ መሬት ውስጥ ያለውን በሚያሳይ ራዳር ያስፈትሽ። ከተፈተሸ በኋላም መሠረት በቦይ ከመቆፈር ይልቅ መሬቱ ላይ ጨርቅ አንጥፎ፣ አፈር ሞልቶና ጠቅጥቆ፣ ከላይ የኮንክሪት ንጣፍ ማፍሰስ ይሻላል። አርክቴክቶች እዚህ ድረስ ያስቡና የሽንት ቤቱን ቱቦ ይረሳሉ፤ እሱ ግን መቆፈሩ አይቀርም። ስለዚህ ሽንት ቤቱን ከመቃብሩ ወዲህ፣ በመንገዱ በኩልና በቁልቁለቱ አድርጉ።

አዲሱን ቤት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አታጋጥሙት። በመጋጠሚያው የሚወርደው ውሃ በኖራ የተገነባውን ድንጋይ ያርሳል፤ ያንን በሲሚንቶ ልስን ለማዳን የሚሞክር ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል። መግቢያው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በ1 ለ 12 ተዳፋት መወጣጫው 5.4 ሜትር ይሆናል፤ ይህን ንድፍ ላይ ከመጀመሪያው ያላስቀመጠ ሰው መጨረሻ ላይ የመቃብር ድንጋይ ካልተነሳ ይላል።

ውሃ፦ በዚያ አካባቢ ቧንቧ መድረቁ አዲስ ነገር አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበትና አምስት እጅ አንዱ ቢባክን 38,400 ሊትር ይሰበስባል። ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል።

አንድ የረሳሁት፦ መሬቱ ላይ የይመለስልን ጥያቄ መኖሩን የመሬት ማስመለሻ ኮሚሽኑን ጠይቁ። ጥያቄው በጋዜጣ ከታወጀ፣ የአንድ ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ ለኮሚሽነሩ ሳይሰጡ መሬቱን ማልማትም ሆነ ማከራየት ሕጉ ይከለክላል። በአካባቢው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ የሰፋሪዎች መንደር በሆነችው በሳሌም፣ የጋራ ግጦሽ መሬቱን ጉዳይ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2017 ለይገባኛል ባዮቹ ማኅበረሰብ ወስኗል።

አልባኒ ሜዳ (ጠያቂ)

እናመሰግናለን፤ ራዳሩን አላሰብነውም ነበር። 80 ካሬ ሜትር ስትሉ 150ው በዝቷል ማለት ነው? የገንዘቡን ነገርም የሚያውቅ ካለ።

ደረሰኝ

በዝቷል፤ ግን በካሬ ሳይሆን በሰዓት አስሉት። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ክፍት ቢሆን በዓመት 1,560 ሰዓት ነው። በ2025 የወጣው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 28.79 ራንድ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ለአንድ ሰው ወደ 44,900፣ ለሁለት ሰው ወደ 89,800 ራንድ ይመጣል። ኢንሹራንስ፣ መብራት፣ ጥገና አልገባም። መግቢያው ለምሳሌ 30 ራንድ ቢሆን ለደመወዝ ብቻ 3,000 ገደማ ከፋይ፣ ማለትም በተከፈተበት ቀን ሁሉ 12 ሰው ያስፈልጋል። 12 ሰው ይመጣል ወይ? ቁጠሩ። ጭር ባለ ወቅት ሁለት ሳምንት፣ በዲሴምበር ወይም በማካንዳ ከተማው ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሰሞን ሁለት ሳምንት። ስንት መኪና ቆመ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ አውቶቡስ ነው ወይስ የግል። ከጠረጴዛ ላይ ግምት ይልቅ ይህች ወረቀት ገንዘብ ሰጪን ታሳምናለች።

ፊርማውን ተዉትና ቃል የገባ ደብዳቤ ሰብስቡ። "ሐሳቡን እንደግፋለን" የሚል ደብዳቤ ባዶ ነው። "በዓመት 4 ጊዜ 40 ተማሪ እናመጣለን" የሚል የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ "ስብሰባችንን በወር አንዴ እዚያ እናደርጋለን" የሚል የቀብር ማኅበር ደብዳቤ ይሻላል። 12 እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ከ400 ፊርማ ይበልጣሉ። ሊሰጥ ቃል የተገባውንና በእጅ የገባውን ገንዘብ በሁለት መዝገብ ያዙ፤ አንድ ላይ ደምሮ "ይህን ያህል አለን" ማለት ሁለተኛው ዓመት ላይ ያጋልጣል።

ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኑ ሂሳብ አይግባ። የሃይማኖት ሥራ ለጋሹ ከታክስ እንዲቀነስለት በሚያደርገው የገቢ ታክስ ሕግ አንቀጽ 18ኤ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የተለየ ድርጅት አቋቁሙና ዓላማውን ከመጻፋችሁ በፊት የታክስ ባለሙያ ያንብበው። ትርፍ አልባ ኩባንያ ከሆነ ቢያንስ 3 ዳይሬክተር ይፈልጋል፤ ከታውንሺፑ የሚመጡት ከመጀመሪያው ይግቡ፣ በኋላ "ተጋባዥ" ተብለው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መሬት ብዙውን ጊዜ የተያዘው በሀገረ ስብከቱ ባለአደራዎች ስም ስለሆነ የአጥቢያው ኮሚቴ ሊያከራይ አይችልም። 20 ዓመት ያህል ኪራይ በጽሑፍ ያዙ፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ በንብረት መዝገብ አስመዝግቡ። በማይጸና መሬት ላይ ማንም አያሠራችሁም።

ቅደም ተከተሉ፦ በመጀመሪያ ከአካባቢው የሚመጣ ትንሽ ገንዘብና ጉልበት፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ትልልቅ ለጋሾች በግል፣ ለሕዝብ የሚደረገው ጥሪ ግማሹ ከተገኘ በኋላ። የሎተሪ ኮሚሽኑ ለኪነ ጥበብ፣ ባህልና ብሔራዊ ቅርስ የሚሰጠው ገንዘብ አለ፤ ያለፈ ጊዜ ሂሳብ ስለሚጠይቅ አዲስ ድርጅት ዛሬ ተቋቁሞ ነገ አያገኘውም። ለመጠባበቂያ 15 በመቶ ያዙ፤ ራዳሩ አንድ ነገር ካሳየ ወዲያው ያልቃል።

መንገድ ዳር

ከላይ ያሉትን አልቃወምም፤ ግን ማዕከል ካልተሠራ ብሎ ነገር የለም። በግቢው ወይም በአቅራቢያው የቆየ የቄስ ቤት ወይም አዳራሽ ካለ እሱን መጠገን አዲስ ከመሥራት ይቀልላል፤ አንቀጽ 34 ቢኖርም የመቃብሩ ጣጣ ይቀንሳል። እሱም ከሌለ ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሽንት ቤት፣ አንድ ሮቶ፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፉ አራት ሰሌዳዎች፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚናገር ስልክ ቁጥርና በሳምንት ሦስት ቀን በር የሚከፍት ተከፋይ ሰው ይበቃሉ። ቁልፍ ያዡ ከማዶ የመጣ ሰው ቢሆን ደግሞ ስብሰባችሁ ላይ የምትነግሩት ነገር ይኖራችኋል። ቆጠራውን በዚያው ዓመት አካሂዱና 80 ይሁን 150 ያኔ ተከራከሩ።

ዙሪያ ገባ

በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ። ሰሌዳዎቹን አትማችሁ አትምጡ። ጽሑፉን በተራ ወረቀት አትሙና በታውንሺፑ ቤተ መጻሕፍትና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለአንድ ወር ለጥፉት፤ እስክሪብቶ በክር አስራችሁ ከጎኑ አንጠልጥሉ።