አሸዋው ላይ የሚነክሰን ነገር አይታይም፤ ምንድን ነው? እንዴትስ እንከላከለው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከሦስት ዓመት ልጃችን ጋር በአንድ ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ነን። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ቁርጭምጭሚቴን እንደ እሳት ለብለብ አደረገኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ምንም የለም። ዛሬ ጠዋት ግን እግሬ በቀያይ እብጠት ተሞልቷል፤ ከአርባ በላይ ቆጠርኩ፣ ማሳከኩም ልክ የለውም። ሌሊቱን አጎበር ውስጥ ነው ያደርነው፣ ልጄም ተነክሳለች። አንዱ የአሸዋ ቁንጫ ነው ይለኛል፣ ሌላው ሙጀሌ፣ ሌላው ደግሞ በሽታ የሚያመጣ የአሸዋ ዝንብ። ገና አምስት ቀን ይቀረናል፤ እባካችሁ እርዱኝ።

የመጀመሪያ መልስ
አይዞሽ እህቴ። እንደ ነገርሽን ከሆነ ኩሊኮይደስ ከሚባሉት ደቃቅ ተናካሽ ትንኞች ወገን ይመስለኛል። ቁመታቸው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በምሽት ብርሃን ማየት ይቸግራል። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏ እንዲበስል ደም ያስፈልጋታል። ቆዳውን በጥቃቅን መቀስ መሰል አፏ ትቆርጥና የወጣውን ደም ትልሳለች። የሚያሳክከው ምራቋ ነው፤ ሰውነት ለምራቁ ምላሽ እስኪሰጥ ሰዓታት ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በማግስቱ ነው።

ደረቁ አሸዋ ውስጥ አይራቡም። የሚራቡት በእርጥብ ጭቃ፣ ማንግሮቭ በሚባሉት የባሕር ዳር ዛፎች ሥር፣ በረግረግና በበሰበሰ የባሕር አረም አካባቢ ነው። ስለዚህ ወደ ደረቁና ነፋስ ወደሚበዛበት ቦታ መዛወር ብቻውን ለውጥ አለው። ክንፋቸው ደካማ ነው፤ መለስተኛ ነፋስ ካለ መብረር ያቅታቸዋል። ንጋትና ምሽት አየሩ ጸጥ ሲል ነው የሚወጡት፤ በነዚያ ሰዓታት አሸዋው ላይ አትቀመጡ።

ሌላ መልስ
ስለ ስሞቹ ልጨምር፤ ሰው በስም ተሳስቶ በከንቱ ሲሸበር ማየት ያሳዝነኛል። ከአረሙ ሥር የሚዘሉት "የአሸዋ ቁንጫ" የሚሏቸው ትንንሽ ፍጥረታት ከሽሪምፕ ጋር የሚዛመዱ ናቸው፤ የበሰበሰ አረም ይበላሉ እንጂ ሰው አይነክሱም። ሙጀሌ ደግሞ እውነተኛ ቁንጫ ናት፤ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ እግር ጣት ላይ ቆዳ ውስጥ ትቀበራለች፣ መሃሉ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነጭ እብጠት ትሠራለች። በአንድ ምሽት አርባ ቦታ መነከስ የእሷ ጠባይ አይደለም። ቢሆንም ባዶ እግር አለመሄድ ይጠቅማል።

ካላዛርንና ቁንጭርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሌላ ነው። ስሙ አሸዋ ቢልም የሚራባው በአፈር ስንጥቅ፣ በእንስሳት ጉድጓድ፣ በምስጥ ኩይሳና በመሳሰለው ነው።

የጠያቂዋ ጥያቄ
እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ትንኞቹስ በሽታ አያስተላልፉም? ደግሞስ አጎበር ውስጥ ሆነን እንዴት ተነከስን?

መልስ
የአጎበሩ ነገር ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ለወባ ትንኝ የተለካ ስለሆነ እነዚህ ሾልከው ይገባሉ። በጣም ጠቅጠቅ ያለ ወንፊት ያለው ያስፈልጋል። ካላገኛችሁ ማራገቢያ ወደ አልጋው አዙራችሁ ተኙ፤ እኔ ከምንም በላይ የማምነው ማራገቢያን ነው። መብራት ስለሚስባቸው ከመሸ በኋላ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ አታብሩ።

ወባን እነሱ አያስተላልፉም። በአንዳንድ አካባቢዎች ግን ኦሮፑሽ የሚባል ቫይረስ ያስተላልፋሉ፤ ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው በ1955 እ.ኤ.አ. ትሪኒዳድ ውስጥ ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብራዚልና በኩባ ወረርሽኝ አስነስቷል። እዚያ አካባቢ ከሆናችሁና ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የት እንደነበራችሁም ንገሩት። ነፍሰ ጡር ካለች ከመጓዟ በፊት ታማክር።

የነርስ መልስ
ለቆዳ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን (ሁለቱም ነፍሳትን የሚያባርሩ ንጥረ ነገሮች ናቸው) ያለበት መከላከያ ተጠቀሙ። የፀሐይ ቅባቱ ይቅደም፣ መከላከያው ይከተል። ለልጅሽ በራስሽ እጅ ቀቢያት፤ መዳፏና ዓይኗ አካባቢ እንዳይነካ፣ ስትገቡም በሳሙና እጠቢያት። የቫይታሚን ቢ እንክብል ግን ነፍሳት አያባርርም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ማሳከኩን በቀዝቃዛ ጨርቅ አስታግሺው፤ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ክሬምም ይረዳል። ለልጅሽ ግን ክሬምም ሆነ የሚዋጥ የአለርጂ መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት ፋርማሲስት ጠይቂ። ጥፍሯን አሳጥሪላት፤ ከንክሻው ይልቅ የሚጎዳው መቧጨሩ ነው። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳትዘገዩ ታከሙ። ፊትና ከንፈር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

የጠያቂዋ መልእክት፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክፍላችን ለካ ከማንግሮቩ ጎን ነበር፤ ነፋስ ወደሚነፍስበት ወገን አዛወሩን። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሁላችንም ረጅም ሱሪና ካልሲ እንለብሳለን፣ ሌሊቱን ማራገቢያው አይጠፋም። ትናንት ልጄ ላይ ያገኘሁት አዲስ ንክሻ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ካልሲዋን አውልቃ ስትጫወት ቁርጭምጭሚቷ ላይ የነከሷት ናቸው።