ከወንዝ ዳር የለቀምኩት ዘንባባ የቱ ነው? ለምንስ አልበቀለም?

ዘር ለቃሚዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ከአንድ የወንዝ ዳር ዘንባባ ሥር የወደቀ ፍሬ ለቅሜ ነበር። ፍሬው ብርቱካናማ ነው፤ መጠኑ ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም። ዛፉ አንድ ግንድ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሥር ሰባት ስምንት ግንድ ወጥቶ ወደ ወንዙ ዘመም ብሏል። ይሄ የዱሩ ዘንባባ ነው ወይስ ቴምር?

40 ፍሬ ከነልጣጩ ጠለቅ በማይል ሳጥን ውስጥ ዘራሁ። እስካሁን ዘንባባ የሚመስል ነገር አላየሁም። የሚበቅልብኝ ሳር ብቻ ነው፤ እሱንም በየጊዜው እነቅላለሁ። ዘሩ ሞቷል ማለት ነው? ልድፋው?

አትክልተኛው፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትደፊው!

መጀመሪያ ስለ ዛፉ። እንደነገርሽን ከሆነ የዱሩ ዘንባባ፣ ፊኒክስ ሬክሊናታ ይመስለኛል። «ሬክሊናታ» በላቲን ዘመም ያለ ማለት ነው። በአብዛኛው ሞቃታማ አፍሪካ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በወንዝና በረግረግ ዳር ይበቅላል። ቴምር የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስተዋል። የቴምር ቅጠል ግን ወደ አመድማ የሚያደላና ደረቅ ያለ ነው፤ ፍሬውም በጣም ይበልጣል። ለጌጥ የሚተከለው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ደግሞ አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በአካባቢው የተተከለ ቴምር ወይም የጌጥ ዘንባባ ነበር? እነዚህ ዘመዳሞች በቀላሉ ይዳቀላሉ። እናቲቱ ንጹሕ የዱር ዘንባባ ብትሆንም ልጆቿ ዲቃላ ሊሆኑ ይችላሉ። አገር በቀል ዘር ማቆየት የሚፈልግ ሰው ከተተከሉት ራቅ ካለ ቦታ ቢለቅም ይሻለዋል።

ቆላማው፦
በአትክልተኛው ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ሁልጊዜ የማየው የቅጠሉን እግር ነው። የፊኒክስ ወገን ቅጠሉ እንደ ላባ ነው፤ ከግንዱ አጠገብ ያሉት የጎን ቅጠሎች ግን ረጃጅም እሾህ ሆነዋል። ተጠንቅቀሽ ያዢው፣ ክፉኛ ይወጋል።

ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ ወገኑ ሌላ ነው። ግንዱ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየተከፈለ የሚሄደው ዶም የሚባለው ዘንባባ ነው። ዘንባባ ሆኖ እንዲህ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ብዙ የለም። ግንዱ አንድ ሆኖ ከመሃል ከፍ ብሎ የሚያብጠው ደግሞ ቦራሰስ የሚባለው፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የሆነ ሌላ ዘንባባ ነው።

የችግኝ ሰው፦
ወደ ዘሩ ልምጣ። ልጣጩን አለማንሳትሽ ነው ያዘገየሽ። የፍሬው ሥጋ ሻጋታ ይጠራል፣ መብቀሉንም ያቆየዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ ፍሬውን ውሃ ውስጥ አሽተሽ ሥጋውን አንሺ። ከዚያ ዘሩን ውሃውን እየቀየርሽ ሁለት ቀን ዘፍዝፊው። እንዳይደርቅብሽ ቶሎ ዝሪው፤ የቆየ ዘር ጉልበት የለውም።

አንዱን ዘር ይዘሽ እዪው። በአንድ ጎኑ ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ገልብጪውና በጀርባው መሃል አካባቢ ትንሽ ክብ ምልክት ፈልጊ። ፅንሱ ያለው እዚያ ነው፤ ሲበቅል የሚወጣውም በዚያ በኩል ነው።

የሚወጣው ግን ቀጥታ ቅጠል አይደለም። መጀመሪያ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩም ቅጠሉም የሚነሳው ከዚያ ክር ጫፍ ነው። ጠለቅ የማይል ሳጥን የማይሆነው ለዚህ ነው። ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የችግኝ ፕላስቲክ ተጠቀሚ፤ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ዘሩን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቅበሪው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ለዶም ጥልቀቱ ከዚህም ይብስበታል፤ ቢቻል እዚያው በቋሚ ቦታው ይዘራ።

እና ወዳጄ፣ ስለዚያ ሳር ልጠይቅሽ። የዘንባባ የመጀመሪያ ቅጠል ላባ አይመስልም። አንድ ቀጥ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ በቁመቱ የታጠፈ ስለት ነው። የነቀልሽው እሱ እንዳይሆን!

ዘር ለቃሚዋ፦
አስደነገጣችሁኝ። የነቀልኩትን የጣልኩበት ክምር ጋ ሮጬ ሄድኩ። አብዛኛው እውነተኛ ሳር ነው። ሦስቱ ግን ሥራቸው ላይ፣ በነጭ ክር ጫፍ፣ ያው የዘራሁት ዘር ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ደርቀዋል። አንዱን ትናንት ማታ ነው የነቀልኩት፤ ገና እርጥብ ነው። ይተርፋል?

የችግኝ ሰው፦
ሊተርፍ ይችላል። አሁኑኑ በጥልቅ ፕላስቲክ ትከዪው። ዘሩን እንዳትበጥሺ፤ ቡቃያው እስካሁን የሚመገበው ከእሱ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሳጥኑንም አትንኪው። የቀሩት ከታች እየመጡ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዘር እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

አትክልተኛው፦
ከእንግዲህ ሳር ስትነቅይ ቅጠሉን በጣትሽ ዳስሺው። ሳር ይልመጠመጣል፤ ዘንባባ እጥፋቱ ጣት ላይ ይሰማል።

ዘር ለቃሚዋ፦
ተከልኩት። ሳጥኑን ስዳስስ ደግሞ ጥግ ላይ እጥፋት ያላቸው ሁለት ቡቃያዎች አገኘሁ። አልነካኋቸውም፤ አጠገባቸው ስንጥር ተክዬ ምልክት አደረግኩ።